ኒኮላይ ቤናርዶስ፦ ብየዳን የፈጠረው ሰውና የብረት ጭስ

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ በየቀኑ የምንሠራበትን የኤሌክትሪክ ብየዳ የፈጠረውን ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው።

የትብብር ስልጠና የወጣሁት እዚሁ ጋምቤላ ከተማ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጋራዥ ነበር። ጊዜው የካቲት ነው፤ የየካቲትን ሙቀት ለጋምቤላ ሰው መንገር አያስፈልግም። ፀሐዩን ሸሽተን ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብተን ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ስንበይድ ዋልን። ማታ ላይ አንቀጠቀጠኝ፣ አተኮሰኝ፣ መገጣጠሚያዬን ቆረጣጠመኝ። መቼም እዚህ ክልል ብርድ ብርድ ያለው ሰው ከወባ ሌላ ምን ያስባል? ጤና ጣቢያ ሄጄ ደሜ ሲመረመር ግን ወባ የለም ተባልኩ። የመረመረኝ ባለሙያ ቀን ምን ስሠራ እንደዋልኩ ጠየቀኝና ነገሩ ተገለጠ፤ የዚንክ ጭስ ያመጣው ትኩሳት ነው። በማግስቱ ለቀቀኝ። ከዚያ በኋላ ነው ይህን ሥራ ማን ጀመረው፣ እሱስ ምን ገጠመው ብዬ ማንበብ የጀመርኩት።

ኒኮላይ ቤናርዶስ እ.ኤ.አ በ1842 በያኔው የሩሲያ ግዛት፣ ዛሬ ደቡብ ዩክሬን በሆነው አካባቢ ተወለደ። ዘሩ ከግሪክ ይመዘዛል፤ ቤተሰቡ የወታደር ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ በ1862 ሕክምና ሊማር ኪየቭ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ይሁን እንጂ ልቡ ከእጅ ሥራ ጋር ነበር፤ ተማሪ ሳለ የተቦረቦረ ጥርስን በብር መሙላት ሞክሯል። ሕክምናውን ትቶ ሞስኮ የግብርና ትምህርት ጀመረ፤ እሱንም አልጨረሰውም። ከዚያ ሉክ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ መኖሪያና ወርክሾፕ ሠርቶ ፈጠራውን ተያያዘው።

ከሥራዎቹ አንዱ ውኃው ጥልቀት ያጣበትን ቦታ በሐዲድ ላይ ተጉዞ የሚያልፍ የእንፋሎት ጀልባ ነው። ይህን ሳነብ ባሮ ትዝ አለኝ። አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ በ1902 ውል ከተፈራረሙ በኋላ ከሱዳን ወደ ጋምቤላ ይመጡ የነበሩት መርከቦች የሚመላለሱት ባሮ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ነበር። የቤናርዶስ ጀልባ ለእኛም ወንዝ በሆነች አልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ በአገሩም የተቀበለው አላገኘም።

ትልቁ ሥራው የመጣው እ.ኤ.አ በ1881 በፓሪስ ነው። በዚያ ዓመት በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ጊዜ በካርቦን ዘንግና በብረት መካከል በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ቅስት ብረትን አቅልጦ ማያያዝ እንደሚቻል አሳየ። ዘዴውንም በግሪኮች የአንጥረኞች አምላክ በሄፌስተስ ስም ኤሌክትሮሄፌስተስ አለው። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኦልሼቭስኪ አብሮት ሆኖ እ.ኤ.አ በ1885 በእንግሊዝ፣ በ1887 ደግሞ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት አገኙ። በካርቦኑ ፋንታ ራሱ የሚቀልጥ የብረት ዘንግ እ.ኤ.አ በ1888 ያመጣው ሩሲያዊው ስላቭያኖቭ ሲሆን፣ ዛሬ የምንይዘውን ልባስ ያለው ኤሌክትሮድ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስዊድናዊው ኦስካር ሼልበርግ አስገኘው።

ታዲያ ቤናርዶስ በለፀገ? አልበለፀገም። ከ100 በላይ ፈጠራዎች ቢኖሩትም ያለውን ሁሉ ለሙከራ አውጥቶ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ርስቱንም አጣ። ይባስ ብሎ የእርሳስ ሳህን ያላቸውን ባትሪዎች ለማሻሻል ሲደክም በእርሳስ ተመረዘና ጤናው ተቃወሰ። እ.ኤ.አ በ1899 የሴንት ፒተርስበርግ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ተቋም የክብር መሐንዲስነት ማዕረግ ሰጠው፤ ነገር ግን ክብሩ ሲመጣ ጤናም ገንዘብም አልቀው ነበር። እ.ኤ.አ በ1905 ኪየቭ አቅራቢያ በምትገኘው ፋስቲቭ በ63 ዓመቱ በድህነት አረፈ።

ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርኩት ብረት በእሳት ብቻ ሳይሆን በማይታይም ነገር ሰውን እንደሚጎዳ ነው። የዚያ ዘመን ሰው አደጋውን በደንብ ላያውቅ ይችላል፤ እኛ ግን እያወቅን ብንጎዳ ምን ምክንያት እንሰጣለን? ስለዚህ ከራሴ ስህተት ጀምሬ ጥቂት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ዚንክ የተለበጠ ብረት ስንበይድ ውጭ ወይም ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሁን፤ የመበየጃውን ቦታ ልባስ አስቀድመን እንፋቀው፤ ፊታችንንም ከጭሱ አቅጣጫ እናርቀው። ትኩሳቱ ከሥራ በኋላ ሰዓታት ቆይቶ ስለሚመጣ ከወባ ጋር ይምታታል። በግምት የወባ መድኃኒት መዋጥም ሆነ ጭስ ነው ብሎ ወባን ችላ ማለት ሁለቱም አደገኛ ናቸው፤ መመርመርና የዋልንበትን ሥራ ለባለሙያው መናገር ነው።

ሁለተኛ፣ ላብ። ከማሽኑ ወደ ኤሌክትሮዱ የሚመጣው ቮልቴጅ ከ100 በታች ነው ብለን እንንቀዋለን። ቆዳ በላብ ሲረጥብ ግን ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያስተላልፋል፤ በእኛ ሙቀት ደግሞ የማያልበው የለም። ደረቅ የቆዳ ጓንት፣ የጎማ ሶል ያለው ጫማ፣ እርጥብ መሬት ላይ ደግሞ ደረቅ ጣውላ ያስፈልጋል። ሞቀኝ ብሎ ደረትን ገልጦ መበየድም ቆዳን ያቃጥላል።

ሦስተኛ፣ ዓይን። ለተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ ቁጥሩ 10 ወይም 11 የሆነ የማስክ መስታወት ይያዝ፤ የፀሐይ መነጽር አይተካውም። ቆሞ የሚያየውም ሰው ሌሊት አሸዋ የገባበት ያህል ዓይኑን ይቆረቁረዋልና ልጆችን ከአካባቢው እናርቅ።

አራተኛ፣ ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትን በርሜል ባዶ ነው ብላችሁ እንዳትበይዱ። የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው ትነት ነው።

እ.ኤ.አ በ1981 ብየዳ 100 ዓመት ሲሞላው ለቤናርዶስ በፋስቲቭ ሐውልት ቆመለት። ለእኛ ግን ሐውልት ይቅርብን፤ በጤና ሠርተን በጤና ቤት እንግባ። የትብብር ስልጠና የምትወጡ ጓደኞቼ፣ ጋራዡ ማስክና ጓንት ከሌለው ለመጠየቅ አትፈሩ። እኔ ፈርቼ ዝም ብዬ ነበር።