እቴጌ ምንትዋብ

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፥ በተራራው ጥግ፥ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ስሟ የተወሰደው በግብፅ አገር ካለው ከቁስቋም ተራራ ነው። እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ ከሄሮድስ በሸሸች ጊዜ በዚያ እንደ ተቀመጠች አባቶች ያስተምራሉ፤ በዓሉም ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። በቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ የፈረሰ የድንጋይ አዳራሽ ይታያል፤ በግድግዳውም ላይ በቀይ ድንጋይ የተሠሩ መስቀሎች አሉ። ቤተ ክርስቲያኗንም አዳራሹንም ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ልጆች ሆይ፥ ዛሬ የምታነቡት የእኒህን ንግሥት ታሪክ ነው። ዓመታቱ በአገራችን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት በቋራ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበረ። አፄ በካፋ በ1713 ዓ.ም. በጎንደር ነገሡ፤ እኒህ ንጉሥ ልብስ ለውጠው ተራ ሰው መስለው በአገሩ ይዞሩ ነበር ይባላል። አንድ ጊዜ በቋራ ታመው ከአንድ ባላገር ቤት ቢተኙ፥ የቤቱ ልጅ አስታመመቻቸው፤ እርስዋም በኋላ ሚስታቸው የሆነችው ምንትዋብ ናት እየተባለ ይተረካል።

በ1723 ዓ.ም. አፄ በካፋ ሞቱ። ልጃቸው ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ያህል ሕፃን ነበረ። ሕፃን መንግሥት አይችልምና እናቱ ሞግዚት ሆኑ፤ ሞግዚትም ብቻ አልሆኑም፥ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። የመንግሥት ስማቸውም ብርሃን ሞገሳ ተባለ። ወንድማቸውን ወልደ ልዑልን ራስ አድርገው ሾሙ፤ የቋራ ዘመዶቻቸውም በቤተ መንግሥቱ በዙ። እቴጌይቱ ብልህና ቸር ነበሩ። ቁስቋምን አሠሩ፤ በጣና ሐይቅ ውስጥ በደቅ ደሴት ያለው የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም በእርሳቸው ዘመን ተሠራ። በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ፥ እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ ተቀምጣ፥ እቴጌ ምንትዋብ ከእግርዋ በታች ተደፍተው ተሥለዋል። ዘውድ የጫነ ሰው ራሱን ወድቆ ማሣሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሥዕል መውደቅ ቀላል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በ1747 ዓ.ም. አፄ ኢያሱ ሞቱ። እርሳቸውም በተራቸው ሕፃን ልጅ ትተው ነበር፤ ስሙም ኢዮአስ ነው። የኢዮአስ እናት ውቢት ትባላለች፤ ከወሎ ኦሮሞ መኳንንት ወገን ናት፥ በክርስትና ስሟም ወለተ ቤርሳቤህ ተብላለች። እንግዲህ የሕፃኑ ንጉሥ ሞግዚት ማን ይሁን? አያቱ ምንትዋብ ሥልጣኑን እንደ ያዙ መቆየት ወደዱ። ውቢት ደግሞ የንጉሥ እናት እኔ ነኝና ተራው የእኔ ነው አለች።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። በ1723 ዓ.ም. ምንትዋብን ከዙፋን ያወጣቸው የሕፃን ንጉሥ እናት መሆናቸው ነበረ። ሃያ አራት ዓመት ቆይቶ ያው ነገር ለምራታቸው ሲደርስ ግን መንገዱን አልለቀቁም። እርግጥ ነው፥ ብዙ ዓመት መንግሥት ይዘው ኖረዋል፤ አገሩንም ከምራታቸው ይልቅ ያውቁ ነበር፤ ዘመዶቻቸውም ሥልጣን እንዳይለቁ ሳይመክሯቸው አልቀሩም። ይህ ሁሉ ምክንያት ይሆናል፤ ማስገደድ ግን አይሆንም። በሬ ወደ ትልሙ የሚገባው ቀንበር ስለ ተጫነበትና ጅራፍ ስለ ሰማ ነው። ሰው ግን እንደዚህ አልተፈጠረም። እግዚአብሔር ሰውን ፈቃድ ሰጥቶ ፈጥሮታል፤ በጎውንም ክፉውንም በፊቱ አኑሮለታል፤ እጁን ወደ ወደደው ይሰዳል። አዳም ከዕፀ በለስ በበላ ጊዜ እጁን የጎተተው አልነበረም። ሲጠየቅ ግን ሔዋንን አመካኘ፤ ሔዋንም እባብን አመካኘች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማመካኘት የሰው ልጅ ርስት ሆነ።

ራስ ወልደ ልዑል በሕይወት ሳሉ ሁለቱን ወገን ይዘው አቆዩ። እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ግን የቋራ ሰዎች በአንድ ወገን፥ የወሎ ሰዎች በሌላ ወገን ሆነው ጎንደርን ሊያውኩ ደረሱ። ያን ጊዜ የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ተጠሩ። ሽማግሌ ነበሩ፤ ሠራዊታቸው ብዙ፥ ጠመንጃቸውም ብዙ ነበረ። የተጠሩት ሊያስታርቁ ነበር፤ ከገቡ በኋላ ግን ሁለቱንም ወገን ወደ ዳር አድርገው ሥልጣኑን ለራሳቸው ያዙ። የእቴጌይቱን ልጅ ወይዘሮ አስቴርንም አገቡ። በቤት ውስጥ ያለውን ጠብ ለማብረድ የውጭ ጉልበት የሚጠራ ሰው፥ ጉልበተኛው መቼ እንደሚወጣ አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።

በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ተገደሉ። በእርሳቸው ፈንታ የአፄ በካፋ ወንድም ሽማግሌው አፄ ዮሐንስ ነገሡ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ እርሳቸውም ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ ንጉሥ የመኳንንት መጫወቻ ሆነ። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ይህ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ እስከ ነገሡበት እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ 86 ዓመት ቆየ።

የኢዮአስ ደም በማን ላይ ነው? የገደለ ያው ገዳዩ ነው፤ ሚካኤልም በፈቃዳቸው ያደረጉትን ምንትዋብ አይሸከሙላቸውም። ቤተ ክርስቲያን እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይጠየቃል ብላ ታስተምራለች። ቢሆንም አጥሩን ያፈረሰ ሰው፥ በጉን የበላው ጅብ ነው ብሎ ዝም ሊል አይችልም፤ ስለ አጥሩ ይጠየቃል።

እቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጃቸው ከሞተ በኋላ መንግሥቱን ትተው በቁስቋም ተቀመጡ። ልባቸው በምን መንገድ ይሄድ እንደ ነበረ ደግሞ የሚያስረዳን አንድ እንግዳ ሰው ነው። ይህ ሰው ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ነው፤ የዓባይን ምንጭ ለማየት ብሎ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። በዚያ ጊዜ ፈንጣጣ ገብቶ የእቴጌይቱ ቤተ ሰዎች በቁስቋም ታመው ነበር። ብሩስ መስኮቱንና በሩን አስከፍቶ፥ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጥኖ አስታመማቸው፤ ስለዚህ በቁስቋም ተከብሮ ተቀመጠ።

ብሩስ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ እቴጌይቱ ስለ ነገሩት ነገር ይተርካል። በእርሱ ጉዞ ተደነቁ፤ አንድ ወንዝ የሚፈልቅበትን ረግረግ ለማየት ይህን ያህል ባሕርና በረሃ ማቋረጡ ገረማቸው። እርሳቸው ግን፥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዙፋን የተቀመጡት የነገሥታት እናት፥ ሌትና ቀን የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ እንደ ሆነ ነገሩት፤ ሁሉን ትተው ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ፥ ከጌታችን መቃብር ደጅ እየለመኑ መኖር፥ ሲሞቱም የዚያ ቤተ ክርስቲያን በር ከሚታይበት መንገድ ላይ መቀበር።

ይህ ቃል በናርጋ ሥላሴ ካለው ሥዕል ይልቅ እኔን ያሳምነኛል። ይሁዳም ጴጥሮስም ጌታቸውን በድለዋል፤ ሁለቱም ተጸጽተዋል፤ አንዱ ግን ታነቀ፥ ሁለተኛው አለቀሰና ተመለሰ። በደል በሰው ፈቃድ እንደ ሆነ፥ መመለስም በሰው ፈቃድ ነው። በ1747 ዓ.ም. ሥልጣን ለመልቀቅ ያልፈለጉት እቴጌ፥ በእርጅናቸው ለማኝ መሆንን ወደዱ፤ ይህንንም ያስገደዳቸው አልነበረም። ነገር ግን ዕንባቸው ኢዮአስን አላስነሣም፤ ጠቡም አልበረደም።

ኢየሩሳሌምን ሳያዩ በ1765 ዓ.ም. ሞቱ፤ በቁስቋምም ተቀበሩ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ቁስቋምም አልተረፈችም፤ በኋላ ግን እንደገና ተሠራች። የእቴጌ ምንትዋብ፥ የልጃቸው የአፄ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የአፄ ኢዮአስ ዐፅም ነው የሚባለው መስተዋት ባለው ሣጥን ውስጥ በአንድነት በዚያው ተቀምጦ ለሚመጣ ሰው ሲታይ ኖሯል።