የጎህ አዛን የተሰጣቸው ዓይነ ስውር

በእንጦጦ ግርጌ የረመዳን ሌሊት ቀድሞ ይነቃል። በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በሾላ፣ በመገናኛና በኮተቤ ሰፈሮች ጎህ ሳይቀድ በየቤቱ መብራት ይበራል፤ ሻይ ይፈላል፤ ልጆች ዓይናቸውን እያሹ ለሱሑር ይቀመጣሉ። ከተራራው ባህር ዛፍ ውስጥ የሚወርደው ብርድ ገና አልለቀቀም። ከዚያ አዛን ይሰማል፤ እጅም ከማዕድ ይነሳል። እስከ መግሪብ የሚዘልቀው ጾም በዚያ ድምፅ ይጀምራል።

ዛሬ ሰዓቱን ስልካችን ይነግረናል፤ የረመዳን የሰዓት መቁጠሪያ ወረቀትም በየግድግዳው ተለጥፏል። ከ1400 ዓመታት በፊት በመዲና ግን የሱሑርን ማብቂያ ለምእመኑ ያሳውቅ የነበረው የአንድ ሰው ድምፅ ነው። እኚያ ሰው ጎህን የሚያዩበት ዓይን አልነበራቸውም። በዛሬው የረመዳን ገጻችን የእኚህን ታላቅ ሰሓባ፣ የዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱምን (ረ.ዐ) ሕይወት እንተርካለን። ታሪካቸው ከጾሙ ሥርዓት ባሻገር፣ በየሰፈራችን ላሉ ዓይነ ስውራን ልጆች ምን ማድረግ እንዳለብን የሚያስተምር ሆኖ አግኝተነዋል።

ኢብን ኡሙ መክቱም የመካ ሰው ናቸው። የመዲና ሰዎች ዐብደላህ ይሏቸዋል፤ የዒራቅ ሰዎች ደግሞ ዐምር ብለው ይጠሯቸዋል። አባታቸው ቀይስ ኢብን ዛኢዳ ይባላሉ፤ እናታቸው ዓቲካ ደግሞ ከመኽዙም ጎሳ ናቸው። ቀይስ የእመት ኸዲጃ እናት ወንድም ስለነበሩ፣ ኢብን ኡሙ መክቱም ለኸዲጃ የአጎት ልጅ ነበሩ። የታወቁት ግን በአባታቸው ስም አይደለም። እናታቸው ኡሙ መክቱም፣ ማለትም የተሸፈነው ልጅ እናት ተብለው ይጠሩ ነበርና፣ ልጁም በዚሁ ስም ቀሩ። ዓይነ ስውርነታቸው ስማቸው ሆኖ አብሯቸው ኖረ።

እስልምናን ከተቀበሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ናቸው። በዚያ ዘመን አዲሱ እምነት በመካ ባላባቶች ዘንድ የተጠላ ነበርና የተቀበለው ሁሉ መከራ ይደርስበት ነበር። አንድ ቀን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሽ ታላላቅ ሰዎች ጋር ተቀምጠው ወደ እምነቱ ሲጋብዟቸው፣ ኢብን ኡሙ መክቱም መጡና እንዲያስተምሯቸው ለመኑ። ማን እንደተቀመጠ አላዩም። ደጋግመው ጠየቁ። ነቢዩ ንግግራቸው በመቋረጡ ፊታቸውን አጨፈገጉና ወደ ባላባቶቹ መለሱ። ዐበሰ የተባለው ባለ 42 አንቀጽ የቁርኣን ምዕራፍ የወረደው በዚህ ምክንያት እንደሆነ የተፍሲር ሊቃውንት ያስረዳሉ። ምዕራፉ የሚጀምረው ለመማር ተጉዞ የመጣውን ዓይነ ስውር ችላ ብሎ ራሱን የተብቃቃ አድርጎ ወደሚያይ ሰው ማዘንበልን በመውቀስ ነው።

እስቲ ነገሩን ልብ እንበለው። ኢብን ኡሙ መክቱም በዚያ ቀን ዳቦም ልብስም አልለመኑም። የጠየቁት ትምህርት ነበር። ወቀሳው የመጣውም አንድ ዓይነ ስውር ትምህርት ፈልጎ መጥቶ ተራው በመዘግየቱ ነው። ነቢዩም ከዚያ በኋላ እኚህን ሰው ባገኙ ቁጥር በአክብሮት ይቀበሏቸው እንደነበር ታሪካቸው ይመሰክራል።

ተማሪው ብዙም ሳይቆዩ አስተማሪ ሆኑ። ነቢዩ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ622 ወደ መዲና ከመሰደዳቸው በፊት፣ ቀድመው ከደረሱት ሰዎች መካከል ሙስዐብ ኢብን ዑመይርና ኢብን ኡሙ መክቱም ይገኙበታል። ሁለቱ ለከተማዋ ሰዎች ቁርኣን ያስቀሩ ጀመር። ሙስዐብ በመካ በምቾት ያደገ ባለጸጋ ወጣት ነበር፤ ጓደኛው ደግሞ ዓይነ ስውር። እንግዲህ ከመዲና የመጀመሪያዎቹ የቁርኣን መምህራን አንዱ ዓይነ ስውር ነበሩ ማለት ነው። ትምህርቱ በጆሮና በቃል የሚያዝ ስለነበር የዓይን አለመኖር አላገዳቸውም። በሀገራችንም በመድረሳም ሆነ በየኔታ ጉባኤ ዓይነ ስውራን በቃላቸው አጥንተው ለመምህርነት የደረሱት ትምህርቱ ለጆሮ የተመቸ በመሆኑ ነው።

ኑሯቸው ግን ቀላል አልነበረም። ቤታቸው ከመስጂድ ራቅ ያለ ነበርና፣ እንደ ልብ የሚመራቸው ሰው እንደሌለ ለነቢዩ ነግረው ሶላትን በቤታቸው እንዲሰግዱ ፈቃድ ጠየቁ። ነቢዩም አዛኑን ይሰሙ እንደሆነ ጠየቋቸው። እንደሚሰሙ ሲናገሩ ፈቃድ እንደማያገኙላቸው ነገሯቸው። ይህን ታሪክ ሊቃውንት በተለያየ መንገድ ያብራሩታል። ዒትባን ኢብን ማሊክ የተባሉ ዓይናቸው የደከመ ሌላ ሰሓባ ጎርፍ መንገድ እየዘጋ ሲያስቸግራቸው፣ ነቢዩ እስከ ቤታቸው ድረስ ሄደው በዚያ ሰግደውላቸዋልና። እኛ ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው ለዓይነ ስውራን ሁሉ የሚሆን አንድ መልስ አለመኖሩን ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ጉዳይ ተጠየቀ፤ ተሰማ። ኢብን ኡሙ መክቱምም ከሰልፉ የሚጎድሉ ሰው ተደርገው አልታዩም።

ጾም ግዴታ የሆነው ከሂጅራ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነው። የመዲና መስጂድ ሁለት ሙአዚኖች ነበሩት። አንደኛው የሀገራችን ልጅ፣ ከባርነት ነጻ የወጡት ሐበሻው ቢላል ናቸው። ሁለተኛው ኢብን ኡሙ መክቱም ነበሩ። በረመዳን ቢላል ገና ሌሊት ሳለ አዛን ያሰማሉ፤ የተኛው ይነቃል፤ ሲሰግድ ያደረውም ወደ ሱሑሩ ይመለሳል። በቢላል አዛን መብላትና መጠጣት አይቆምም። የሚቆመው ኢብን ኡሙ መክቱም ሲጣሩ ነው። ይህን ሥርዓት ለሕዝቡ ያሳወቁት ነቢዩ ራሳቸው ናቸው። የመካ ባላባቶች ከሰው ያልቆጠሯቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጥቁር የቀድሞ ባሪያ ሌላው ዓይነ ስውር፣ የከተማዋን ሌሊትና ንጋት ተካፈሉት።

ዓይነ ስውሩ ጎህ መቅደዱን በምን ያውቃሉ? መልሱ ቀላል ነው። ሰዎች ይነግሯቸው ነበር። መንጋቱን እስኪነግሯቸው ድረስ አዛን አያሰሙም። እነዚያ ሰዎች እነማን እንደነበሩ ታሪክ በዝርዝር አልመዘገበም። ከቤታቸው ወጥተው አድማሱን አይተው ያዩትን ይነግራሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። አዛኑን በእርሳቸው ፈንታ አላሰሙም። ዓይናቸውን አዋሱ፤ ድምፁን ግን ለባለቤቱ ተዉት። የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ለእኛ ይህ ነው።

ነቢዩ ከመዲና ሲወጡም ኢብን ኡሙ መክቱምን ወኪላቸው አድርገው ሕዝቡን እንዲያሰግዱ ይተዉአቸው ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህ 13 ጊዜ እንደተፈጸመ ይቆጥራሉ፤ የኡሑድ ዘመቻ አንዱ ነው። ስለ ዘማቾችና ከቤት ስለቀሩ ሰዎች ብልጫ የሚናገረው የቁርኣን አንቀጽ በወረደ ጊዜም፣ ኢብን ኡሙ መክቱም ዓይነ ስውር በመሆናቸው መዝመት እንደማይችሉ ለነቢዩ አቤት አሉ። ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ከወቀሳው ነጻ የሚያደርገው ቃል የተጨመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ያም ሆኖ በተሰጣቸው ነጻነት ከቤት አልቀሩም። በኸሊፋው ዑመር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ636 ገደማ፣ ዛሬ ዒራቅ በሚባለው ምድር በተካሄደው የቃዲሲያ ጦርነት ጥሩር ለብሰው ጥቁር ሰንደቅ ይዘው እንደታዩ ተዘግቧል። ሰንደቅ የያዘ ሰው ሥራው ጸንቶ መቆም ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች በዚያው እንደተሰዉ ይናገራሉ፤ ሌሎች ደግሞ ወደ መዲና ተመልሰው እንዳረፉ ይጽፋሉ።

ከመዲና ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በየካ ክፍለ ከተማ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ፈላጊዎች ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡበት ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከመንስኤዎቹም አብዛኞቹ ሊከላከሏቸው ወይም ሊያክሟቸው የሚቻሉ እንደሆኑ አሳይቷል። ከሕክምናው ደጅ ዓይናቸው ሳይድን የሚመለሱ ልጆች አሉ። ለእነርሱ የሚቀጥለው በር ትምህርት ቤት ነው። መምህራን የሚሰለጥኑበት ኮተቤም በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ቀሪው ድርሻ የጎረቤት ነው።

ዓይነ ስውር ተማሪ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ክፍል ሲማር የመምህሩን ቃል ይሰማል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ግን የሚያነብለት ይፈልጋል። በብሬል የተዘጋጀ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። በጎ ፈቃደኛ አንባቢ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት መጽሐፍ ማንበብ፣ ወይም ምዕራፉን በስልክ ቀድቶ መስጠት ገንዘብ አይጠይቅም። ሥዕልና ሠንጠረዥ ሲያጋጥም መዝለል ግን ሳያዩ ነግቷል እንደ ማለት ነው። ያለውን በሙሉ መንገር ይገባል። በፈተና ጊዜም አንባቢው ጥያቄውን ያነባል፤ የተነገረውን መልስ ይጽፋል። ለልጁ አዝኖ መልሱን ማቀበል ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን የልጁን አዛን እንደ መቀማት ይቆጠራል።

ብሬልን መማርም ለሚያይ ሰው ከባድ አይደለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1824 ገና በ15 ዓመቱ ያዘጋጀው ጽሕፈት በስድስት ነጥቦች የቆመ ነው። ከ200 በላይ የሆኑት የአማርኛ ፊደላት በብሬል ሲጻፉ ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይቀመጣሉ። በእጅ ሲበሳ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ ወረቀቱ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣት ይነበባል። ፊደሉን የተማረ እናት፣ ወንድም ወይም ጎረቤት የልጁን ደብተር ማየት ይችላል።

በእንጦጦ ዳገትና በመገናኛ ግርግር መንገድ ስናሻግርም እንደዚሁ ነው። አስቀድመን እንጠይቅ። ክንዱን ይዘን ከመጎተት ይልቅ እርሱ ክርናችንን ይዞ እንዲከተለን እናድርግ። በረመዳን ብዙዎቻችን ለኢፍጣር ምግብ ይዘን የተቸገረ ቤት እናንኳኳለን፤ መልካም ነው። በዚያ ቤት ዓይነ ስውር ልጅ ካለ ግን ትምህርቱ የት እንደደረሰ እንጠይቀው። ወደ ኢፍጣራችን ስንጠራውም ጥግ አስቀምጠን አብልተን ብቻ አንሸኘው። ቁርኣን የሚቀራ ከሆነ ይቅራልን፤ አዛን የሚችል ከሆነ መግሪብን እርሱ ይጣራልን። መግባቱን እኛ እንነግረዋለን።

ነገ ሌሊት በእንጦጦ ግርጌ መብራቱ ዳግም ይበራል። አዛኑን ሰምተን እጃችንን ከማዕድ ስናነሳ፣ በመዲና ጎህን በሰው ዓይን አረጋግጠው በራሳቸው ድምፅ ያበሰሩትን ሰው እናስብ። ከጎናቸው ቆመው መንጋቱን የነገሯቸውንም አንርሳ። የእነርሱ ቦታ ዛሬም ሰው ይፈልጋል።

መልካም የረመዳን ጾም እንዲሆንላችሁ እንመኛለን።