የመሬትን ጉልበት የመዘኑት ሊቅ

በእንጭኒና በሌላውም የምዕራብ ሸዋ ደጋ፣ መረሬ መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው ግድግዳው በተሰነጠቀ ጊዜ አስቀድሞ የሚወቅሰው ግንበኛውን ነው። ነገር ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከመሠረቱ በታች ይገኛል። ይህን ስውር ነገር በቁጥር ያስረዱት ሊቅ ፕሮፌሰር ካርል ቴርዛጊ ነበሩ።

ቴርዛጊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1883 በፕራግ ከተማ ተወለዱ። በኦስትሪያ በግራዝ ከተማ የመካኒክ ምሕንድስና ተማሩ። በሥራ ላይ ሳሉ አንድ ነገር ዕረፍት ነሣቸው፤ ይኸውም መሐንዲሱ የብረቱንና የድንጋዩን ኃይል አስልቶ ሲያበቃ፣ ሁሉን የሚሸከመውን አፈር በግምት ማለፉ ነበር።

በ1916 ወደ ኢስታንቡል ሄደው ማስተማር ጀመሩ። ቀጥሎም በዚያው ከተማ በሮበርት ኮሌጅ፣ ከተጣለ ዕቃና ከሲጋር ሣጥን መሣሪያ እያበጁ ጭቃ ሲጫኑና ሲለኩ ዓመታት አሳለፉ። ከዚህ ድካም የተገኘው ዕውቀት ታላቅ ነው። ውሃ በጠገበ ጭቃ ላይ ሸክም ሲያርፍ፣ በመጀመሪያ የሚሸከመው በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ነው፤ ውሃው ቀስ በቀስ ሲወጣ ቤቱ ለዓመታት ይሰምጣል። ይህን የያዘው መጽሐፋቸው በ1925 በቪየና ታተመ።

በ1943 ባወጡት መጽሐፍ ደግሞ፣ ጥልቀት የሌለው መሠረት ያረፈበት አፈር የሚችለውን ሸክም በሦስት ከፍለው አሳዩ፤ አንደኛው ከአፈሩ መያያዝ፣ ሁለተኛው ከመሠረቱ ጥልቀት፣ ሦስተኛው ከመሠረቱ ስፋትና ከአፈሩ ክብደት የሚገኝ ነው። መሐንዲሶችም ለጥንቃቄ ሲሉ ከድምሩ ሲሶውን ብቻ መውሰድ ልማዳቸው ነው። አፈሩ በካሬ ሜትር 30 ቶን ሲጫነው የሚሸነፍ ከሆነ፣ የሚያሸክሙት 10 ቶን ነው። እንግዲህ በአንድ ሜትር ርዝመት 5 ቶን የሚመዝን ግድግዳ፣ ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው መሠረት ያሻዋል ማለት ነው።

መረሬ ግን ሌላም ጠባይ አለው። በክረምት አብጦ ቀላሉን ቤት ወደ ላይ ያነሣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሚያብጠው አፈር አልፎ መቈፈር፣ ወይም እርሱን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ የዝናቡንም ውሃ ከግድግዳው ማራቅ ያስፈልጋል።

ቴርዛጊ ራሳቸውም በሒሳብ ብቻ የሚተማመኑ አልነበሩም፤ ቦታውን ማየትንና ሥራውን እስከ ፍጻሜው መከታተልን ከሒሳቡ አላሳነሱም። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ በ1963 በ80 ዓመታቸው በአሜሪካ አረፉ።

በአገራችን ብዙ ሰው ቤት የሚሠራው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አፍስሶ ነው። ከዚያ ጥሪት ጥቂቱን አስቀድሞ ለመመርመሪያ ጉድጓድ ቢያወጣ፣ የቀረው በስንጥቅ አይባክንበትም።