የጠገራ ብሯ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ

ከጎንደር ወደ ሽኩና ዳሌት ስትመጡ በእናት መቀነት ተቋጥሮ የመጣ ጠገራ ብር ይኖራችሁ ይሆናል። በላዩ የተቀረጹት ሴት ማን እንደነበሩ እነሆ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማሪያ ቴሬዛ በ1717 በቪየና ተወለዱ። በ1740 አባታቸው ሲሞቱ፣ በ23 ዓመታቸው የኦስትሪያን፣ የሃንጋሪንና የቦሄሚያን ግዛት ወረሱ። 16 ልጆች ወለዱ። በ1744 የፕራግ አይሁዶች ከተማይቱን ለቀው እንዲወጡ አዘዙ፤ እንዲመለሱ የፈቀዱት በ1748 ነው። ባለቤታቸው በ1765 ስለሞቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሐዘን ለበሱ። በብሩ ላይ የሚታየው ሻሽ የመበለትነታቸው ነው። በ1780 ዐረፉ።

ብሩ ግን በቀይ ባሕር ንግድ ስለተወደደ፣ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር መመታቱ ቀጠለ። ስለዚህ 1780 የሚል ሁሉ ብርቅ አይደለም። ሰብሳቢዎች አብልጠው የሚከፍሉት ንግሥቲቱ በሕይወት ሳሉ ለተመታው፣ እንደ ልብ ለማይገኘውና መልኩ ላልተፋቀው ነው። የንስሩን ላባና በትከሻቸው ያለውን ጌጥ ዕንቁ ቆጥረው የየት አገር ምት እንደሆነ ይለያሉ። የቀረው የሚሸጠው በሚዛን ነው፤ አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው።

እንግዲህ ጠገራችሁን በአመድም ሆነ በመድኃኒት አትፈግፍጉ፣ አትብሱትም። ገዢ ቢመጣባችሁ አትቸኩሉ፤ ሁለት ሦስት ቦታ አሳይታችሁ ዋጋውን አመሳክሩ። ማንጠልጠያ የተበየደበት ከሆነ ሰብሳቢ ዋጋውን ዝቅ ያደርገዋል፤ የአያት የአንገት ጌጥ መሆኑን ግን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።