ኤርኒ ዴቪስ፤ ሽልማት ተሰጥቶት ከግብዣ እንዲወጣ የተነገረው ኳስ ተጫዋች

በአሜሪካ አገር እግር ኳስ የሚባለው እኛ የምናውቀው ጨዋታ አይደለም። ኳሱ ሾጣጣ ነው፤ ተጫዋቹም በእግሩ ከመምታት ይልቅ በክንዱ አቅፎት ይሮጣል፤ ባላጋራዎቹ ደግሞ ይዘው ሊጥሉት ይሽቀዳደማሉ። የዩኒቨርሲቲዎች የዘወትር ውድድር ካለቀ በኋላ ጥሩ ውጤት ያገኙ ቡድኖች ተጋብዘው፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን አብዛኛውን ጊዜ አየራቸው ሞቃት በሆነ ከተሞች ይጋጠማሉ። ይህ ግጥሚያ ቦውል ይባላል። ቃሉ ጎድጓዳ ሳሕን ማለት ሲሆን፣ ስሙ የተገኘው ከሜዳዎቹ ቅርጽ ነው። በ1937 ዓ.ም. በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ የተጀመረው ኮተን ቦውል፣ ማለት የጥጥ ቦውል፣ ከእነዚህ አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ግጥሚያ ስሙ የገነነው ኤርኒ ዴቪስ ዲሴምበር 14 ቀን 1939 በፔንሲልቫኒያ ግዛት ተወለደ። አባቱን ሳያውቅ ያደገ ልጅ ነበረ። ድንጋይ ከሰል በሚቆፈርበት አገር በዩንየንታውን ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው። በልጅነቱ ምላሱ ይይዘው ስለ ነበር ንግግር ይቸግረው ነበር፤ በሜዳ ላይ ግን የሚቀድመው አልተገኘም። በ12 ዓመቱ በኒው ዮርክ ግዛት በኤልማይራ ወደምትኖረው እናቱ ዘንድ ሄደ። ትምህርት ቤቱን ሲጨርስ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቢፈልጉትም እርሱ ሲራኪዩዝን መረጠ። እዚያም ከእርሱ በፊት ስመ ጥሩው ጂም ብራውን ይለብሰው የነበረው 44 ቁጥር ተሰጠው።

በ1959 ሲራኪዩዝ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ የዘወትር ውድድሩን ፈጸመና ወደ ዳላስ ተጋበዘ። ባላጋራው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሙሉ ነጮች ብቻ ነበሩ። ኤርኒ በልምምድ ላይ የጭኑ ጅማት ተጎድቶ ነበርና መጫወቱ አጠራጣሪ ነበር። ሆኖም ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ጨዋታው ገና እንደ ተጀመረ ጓደኛው ጌርሃርድ ሽዌደስ የወረወረለትን ኳስ ቀልቦ ወደ ግቡ ገሠገሠ። ይህ የ87 ያርድ፣ ማለት የ80 ሜትር ያህል ጉዞ ነጥብ አስገኘ። ኋላም ሌላ ነጥብ ጨመረ። ሲራኪዩዝ 23 ለ14 አሸነፈ፤ ኤርኒም የግጥሚያው ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ከጨዋታው በኋላ የእራት ግብዣ ተሰናዳ። ነገር ግን ጥቁርና ነጭ በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ የሚያግደው የደቡብ ሥርዓት ገና አልተሻረም ነበር። ስለዚህ ለኤርኒና ለሁለቱ ጥቁር ጓደኞቹ ሽልማታቸውን ተቀብለው እንዲወጡ ተነገራቸው። በሜዳ ላይ የድሉ አባት የሆነው ወጣት፣ ድሉ በሚከበርበት ግብዣ እስከ መጨረሻው ለመቆየት ያልበቃ ሆኖ ተቈጠረ። ጉልበቱን ማድነቅ ቀላል ነበር፤ ከባድ የሆነው አብሮት መቀመጥ ነበር።

ኤርኒ ግን በሥራው ገፋበት። በ1961 የአሜሪካ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይዝማን ዋንጫ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ሆኖ ወሰደ። በዚያው ሰሞን ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በኒው ዮርክ አግኝተው ጨበጡት። ለደመወዝ ከሚጫወቱት ቡድኖች መካከል እስከዚያ ጊዜ አንድም ጥቁር ያላሰለፈው የዋሺንግተን ቡድን ከሁሉ አስቀድሞ እርሱን መረጠው፤ ከዚያም በልውውጥ ለክሊቭላንድ ሰጠው። በክሊቭላንድ ከጂም ብራውን ጎን ሊሰለፍ ነው ተብሎ ብዙ ሰው ይጠባበቅ ጀመር።

ይህ ሳይሆን ቀረ። በ1962 በጁላይ ወር ታሞ ቢመረመር ሉኬሚያ የሚባለው የደም ነቀርሳ ተገኘበት። ለክሊቭላንድ አንድ ግጥሚያ እንኳ ሳይጫወት ሜይ 18 ቀን 1963 በ23 ዓመቱ ዐረፈ፤ በኤልማይራም ተቀበረ። ክሊቭላንድ 45 ቁጥሩን ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው አደረገ።

ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት በአንድ መጽሔት ላይ ስለ ሕይወቱ ሲጽፍ ራሱን እንደ ዕድለ ቢስ አልቈጠረም። ከግብዣው ያስወጣውን ሥርዓት የ1964 የሲቪል መብት ሕግ ሲሽረው ግን እርሱ በሕይወት አልነበረም። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲም ለዋናው ቡድኑ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው ከዚያ ግጥሚያ አሥር ዓመት በኋላ፣ በ1970 ነው። ዛሬ የቦውል ግጥሚያ ሲደረግ በየቡድኑ የጥቁርና የነጭ ልጆች አብረው ይሮጣሉ፤ ማታም በአንድ ገበታ ይቀመጣሉ። ያ ገበታ በነጻ እንዳልተገኘ የኤርኒ ዴቪስ አጭር ዕድሜ ይመሰክራል።