እምቢ ያለው የሒሳብ ሊቅ

ዛሬ በታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን የአሜሪካዊውን የሒሳብ ሊቅ የኖርበርት ዊነርን ታሪክ ይዤ ቀርቤያለሁ። አሁን ሰው ሁሉ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያወራል አይደል? ይሄ ሰው ግን ማሽን እያወቀ ሲሄድ የሰው ነገር ምን ይሆናል ብሎ የተጨነቀው ከ70 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው።

ዊነር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1894 በሚዙሪ ግዛት ነው። የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ዓይኑ ስለደከመ ሐኪም ለ6 ወር ማንበብ ከለከለው። እኛ ብንሆን ስንጫወት እንከርም ነበር! አባቱ ግን ኃይለኛ ስለነበሩ ትምህርቱን በቃል አስቀጠሉት፤ ሒሳቡንም በጭንቅላቱ ይሠራ ነበር። በ11 ዓመቱ ኮሌጅ ገባ፤ በ18 ዓመቱ ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን ያዘ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን በሚመታ መድፍ ላይ ሠራ። አውሮፕላን ፈጣን ስለሆነ የሚተኮሰው አሁን ባለበት ሳይሆን ቆይቶ በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ለሚሮጥ ጓደኛችን ኳስ ከፊቱ እንደምናቀብለው ማለት ነው። ዊነር ማሽን ይህን ራሱ እንዲገምት፣ ሲስትም ራሱን እንዲያርም የሚያስችለውን ሒሳብ አጠና።

እ.ኤ.አ. በ1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ አቶሚክ ቦምብ ተጣለ። ከዚያ በኋላ ሚሳኤል ላይ የሚሠራ አንድ ተመራማሪ ጽሑፉን እንዲልክለት ዊነርን ጠየቀው። ዊነር እምቢ አለ! እምቢታውንም በ1947 በመጽሔት አወጣው። ከዚያ ወዲያ ለጦር መሣሪያ አልሠራም።

ይህን ስነግራቸው አንዳንድ የክበባችን ልጆች እሱ ባይሰጥ ሌላው ይሠራዋል ብለው ተከራከሩኝ። እውነት ነው፣ ሚሳኤሉ ተሠርቷል። ግን እኔ እንደሚመስለኝ ሌላ ሰው ስለሚሠራው ብቻ እኔም ልሥራው ማለት አይቻልም። ደግሞ ዊነር ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1949 ለመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር መሪ ደብዳቤ ጽፎ፣ ማሽን ሥራቸውን ሊወስድባቸው ስለሆነ ካሁኑ እንዲዘጋጁ አስጠነቀቀ።

በ1961 ከደረጃ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ከሐኪሞቹ ጋር ስለ ሰው ሠራሽ ክንድ ይነጋገር ነበር። ጡንቻችን ሲንቀሳቀስ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ክንዱ ያንን ተቀብሎ ባለቤቱ እንዳሰበው ይታጠፋል። ዊነር በ1964 ስዊድን ውስጥ በስቶክሆልም አረፈ። ቦስተን ክንድ የተባለው ይህ ክንድ ከ4 ዓመት በኋላ በሐኪሞችና በኢንጂነሮች ተሠርቶ ለሕዝብ ታየ።