የእንዶድን ፍሬ ለዓለም ያስተዋወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በአጥር ጥግና በቁጥቋጦ መካከል የሚበቅል፣ በኦሮምኛ ሀንዶዴ የሚባል ተክል ነው። እናቶች ፍሬውን ወቅጠው ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት ኖረዋል። ይህን የወንዝ ዳር ሳሙና በዓለም የምርምር ማዕከላት ዘንድ ያሳወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 1935 በጅግጅጋ ተወለዱ። በኋላ ዘመን የአሰበ ተፈሪና የጅግጅጋ ሰዎች አንድ ክፍለ ሀገር ይባሉበት የነበረው የሐረርጌ ተወላጅ ናቸው ማለት ነው። ወደ አሜሪካ ተሻግረው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥገኛ ተሕዋስያን ተምረው እ.ኤ.አ. በ1964 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ፤ በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ተመልሰው ሥራ ጀመሩ።

የያዙት ጉዳይ ብልሃርዚያ ነበር። የበሽታው ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ ተፈልፍሎም በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ በውኃው ውስጥ የሚዋኝ ሕፃን፣ ልብስ የምታጥብ ሴት ወይም መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ባገኘ ጊዜ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ከሚኤሶ ቆላ ማዶ ያለውን የአዋሽ ሸለቆ የሚያውቅ ሰው መስኖ ከእህሉ ጋር ይህን በሽታ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። ቀንድ አውጣው ከሞተ ግን የትሉ መንገድ ይቆረጣል። ለዚህ የሚያገለግለው የፋብሪካ ኬሚካል ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ለድኻ አገር የማይቀመስ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ በዓድዋ ወንዞች ዳር ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው ይታያሉ፤ ከዚያ በላይ ግን ሕያዋን ናቸው። የእንዶዱ አረፋ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንዲጨመር አደረጉ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞቱ። ሴቶቹ ዘመናቸውን ሁሉ በዚያ ውኃ ዳር ኖረዋል፤ የቀንድ አውጣውን ሞት ከሰው ሕመም ጋር ለማያያዝ ግን የትሉን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ምርመራውን በቤተ ሙከራ ቀጠሉ። በዩኒቨርሲቲውም የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ፍሬው ደርቆ ተፈጭቶ በጥቂቱ ውኃ ውስጥ ሲገባ ቀንድ አውጣውን ይገድላል፤ ኃይሉም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። እንከን አልነበረበትም ማለት አይቻልም፤ ዓሣንም ይገድላል፣ የቀንድ አውጣውን እንቁላል ግን አያጠፋም፤ ስለዚህ ርጭቱ መደጋገም ይኖርበታል። ከፍሬው የወጣው ገዳይ ንጥረ ነገር በኋላ በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ።

ትልቁ ፍተሻ በዓድዋ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ተካሄደ። ወንዞቹ በአካባቢው በተሰበሰበ እንዶድ ሲታከሙ ቆይተው፣ በአምስቱ ዓመት ማብቂያ በሽታው ከነዋሪው 63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ሕፃናቱ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ውኃው መታከም ከጀመረ በኋላ በመሆኑ፣ ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ቁጥር ነው።

ይህ ሁሉ ግን በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ በቂ አልሆነም። እንዶድ ለሰውና ለእንስሳት ጉዳት የሌለው መሆኑ በታወቀ ደረጃ በተደራጀ ቤተ ሙከራ፣ በእንስሳት ላይ ተሞክሮ እንዲረጋገጥ ተጠየቀ። ጥያቄው በራሱ አግባብ ነበር፤ ሰው የሚጠጣው ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ፍርደ ገምድል ያደረገው ግን እንዲህ ያለውን ፍተሻ ለማካሄድ የሚበቃ ገንዘብና መሣሪያ በአፍሪካ ቤተ ሙከራዎች አለመኖሩ፣ ያላቸው ወገኖችም በነጻ ለሚበቅል ቁጥቋጦ ገንዘባቸውን ለማውጣት አለመቸኮላቸው ነበር። ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲሠሩም ጉዳዩን አልተዉትም፤ ዓመታቸውን በደብዳቤና በስብሰባ ደጅ በመጥናት አሳለፉ። የእርሻው ባለሙያ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ከልዩ ልዩ አካባቢ የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዝርያዎች እያበቀሉ ምርታማውንና ኃይለኛውን መረጡ።

በመጨረሻ በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተጠየቀው ፍተሻ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ተካሄደ። ውጤቱም እናቶች ከሚያውቁት ብዙ የራቀ አልነበረም፤ እንዶድ ዓይንን ያቃጥላል፣ ለዓሣ አደገኛ ነው፣ በሚመከረው መጠን ግን በሰውና በከብት ላይ የከፋ ጉዳት አያደርስም። ዓድዋ ላይ ከታየው የመጀመሪያው ምልክት እስከዚህ ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ አልፏል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን፣ ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ፣ አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በማግስቱ ዓመት ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ ወደሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ እየደፈነ ያስቸገረውን ዜብራ ሙሰል የተባለ ዛጎል ለባሽ ፍጥረት አዩ። እንዶድ ተሞከረበት፤ ሞተ። የባለቤትነት መብቱ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ፤ ከግኝቱ ባለቤቶች መካከል እሳቸውም ተጠቅሰዋል። ተክሉን ጠብቀው ያቆዩት የኢትዮጵያ ገበሬዎችና እናቶች ከዚህ ምን ያገኛሉ የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ተነሥቶ ብዙ አከራክሯል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ61 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1997 ዐረፉ።